ካርቦን በልክ ነው የሚጠብቀው፦ የክሮስ ካንትሪ ሳይክል ከካርቶን እስከ ጅማ ጭቃ

የመጀመሪያው የካርቦን ፍሬሜ የተሰነጠቀው ቆሞ ሳለ ነው። የኮርቻው ዘንግ ቁልቁል እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ሥራ ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሞተርና የባጃጅ ብሎን ነው የሚያጠብቀው። ረጅም መፍቻ ሰካና ሳብ አደረገው። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ጎንበስ ብለን ስናይ ከመቆንጠጫው ሥር ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ወርዳለች። ሁለታችንም ዝም አልን።

ጥፋቱን በልጁ ላይ አልጭንም። ብሎኑ ምን ያህል ይጠብቅ የሚለው ቁጥር መቆንጠጫው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፦ 5 ኒውተን ሜትር። እኔ አላሳየሁትም፤ እሱም በእጁ የለመደውን ነው ያደረገው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቦን ላይ ያለ ብሎን በግምት አጥብቄ አላውቅም። ጅማ ውስጥ ለውድድር ብላችሁ ቀላል የካርቦን ሃርድቴይል ከገዛችሁ፣ ወይም አንዱ ከውጭ አምጥቶላችሁ ካርቶኑ ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠ፣ የምላችሁን በተራ ተከተሉ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንነጋገር። ሃርድቴይል የሚባለው ፊቱ ሾክ ያለው፣ ኋላው ግን ድርቅ ያለ ሳይክል ነው። ጥሩ የካርቦን ፍሬም ብቻውን 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሳይክሉ ሙሉውን 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ጎማው ባለ 29 ኢንች ነው፤ ፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሾኩ ክፍል፣ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። የተሠራው ለዳገት ነው። ክሮስ ካንትሪ፣ ማለትም ከአስፋልት ውጭ ዳገት ቁልቁለቱን እየዞሩ የሚወዳደሩበት፣ በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ ውድድሩ እያጠረና እየፈጠነ መጥቷል። የዛሬ ዋና ተወዳዳሪዎች ከ80 እስከ 100 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይጨርሳሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱን ዳገት ስድስት ሰባት ጊዜ ስትወጡት እያንዳንዷ ግራም ትታወቃችኋለች።

ካርቦን ፋይበር ክር ነው። በሙጫ ተነክሮ፣ ተደራርቦ የደረቀ ክር። ሸማኔ ድርና ማግ እንደሚያስተላልፍ፣ ፍሬም ሠሪውም አንዱን ንጣፍ በዚህ አቅጣጫ፣ ሌላውን በዚያ አቅጣጫ ያነጥፋል። ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ብትጎትቱት ከብረት ይበልጣል። በአንዲት ነጥብ ላይ ጨምቃችሁ ብትይዙት ግን ይሰነጠቃል። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ያስጠነቅቃችኋል። ካርቦን አይጎብጥም። ለዚህ ነው ልክ የሚያስፈልገው።

1. መንገዱ ላይ እንዳይሰበር

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቻችን ዕቃ የምናመጣው በአውቶብስ ፖርቶ መጋላ ላይ ነው። ሳይክሉ ያለ ካርቶን የሚጫን ከሆነ አብራችሁ ወጥታችሁ ራሳችሁ እሰሩት። ገመድ በፍሬሙ የላይኛው ቱቦ ላይ አይለፍ። ያ ቱቦ ቀጭን ነው። የላስቲክ ገመድ በቸርኬውና በኮርቻው ዘንግ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ። ከላይ የከሰል ማዳበሪያ ወይም ሻንጣ እንዳይጫንበት ረዳቱን ለምኑት፤ ጉርሻም ቢሆን ስጡት።

ጎማዎቹ ከወለቁ በፍሬን ሸራዎቹ መሀል የታጠፈ ካርቶን አስገቡ። ካርቶን ከሌለ አንዱ ሳያውቅ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ባደረገ ቁጥር ሸራዎቹ ይጋጠሙና ዲስኩ አልገባ ይላል። ይህ ከደረሰባችሁ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ቀስ አድርጋችሁ መልሷቸው። ካቻቢቴ አታስገቡ፤ ሸራውን ይልጠዋል።

ስትከፍቱት ደግሞ መጀመሪያ የምታዩት የኋላ ማርሽ ቀያሪው የተሰቀለበትን ማንጠልጠያ ነው። በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጣመመው እሱ ነው። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ ቀያሪው ከጥርሶቹ ጋር ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ወደ ውስጥ ካዘነበለ አቃኑት ወይም ቀይሩት። ያ ሳይቃና ማርሽ ለማስተካከል መሞከር ልፋት ብቻ ነው። ይህቺ ማንጠልጠያ ለእያንዳንዱ ፍሬም ትለያያለች፤ ሳይክሉን ስትገዙ አንድ ትርፍ አብራችሁ ግዙ። በኋላ ከጅማ ሆኖ ማፈላለግ ከባድ ነው።

2. ሚዛን ግዙ

ቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። ከሌላችሁ የሻንጣ ሚዛን ግዙ። በእጅ የሚንጠለጠለውን፣ መንጠቆ ያለውን። ቡና ሲለቀም ሰብሳቢዎች ከረጢቱን ሰቅለው እንደሚመዝኑበት ያለ፣ ግን ትንሹን። የቡናው ሚዛን ራሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለከባድ ክብደት የተሠራ ስለሆነ 4 እና 5 ኪሎን በደንብ አይለይላችሁም።

አሠራሩ ይኸው። ረጅሙን ዓይነት አለን ቁልፍ፣ ያን ባለ ስድስት ጎን የታጠፈ ቁልፍ፣ ያዙ። አጭሩን ጫፍ ብሎኑ ውስጥ ስትሰኩት ረጅሙ ክንድ ወደ ጎን ይቀራል። ከብሎኑ መሀል አንስታችሁ ክንዱ ላይ በትክክል 10 ሳንቲ ሜትር ለኩ። እዚያ ላይ በፕላስተር ጠቅልሉና መንጠቆው እንዳይንሸራተት አድርጉ። ሚዛኑን አንጠልጥሉና ከቁልፉ ጋር ማዕዘን ሠርታችሁ፣ ማለትም ቀጥ ባለ ጎን፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። 5 ኪሎ ሲል አቁሙ። 4.9 ኒውተን ሜትር ማለት ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ኪሎውና ኒውተን ሜትሩ እኩል ናቸው ብላችሁ ብትይዙት አትሳሳቱም። 4 የተጻፈበትን በ4 ኪሎ፣ 6 የተጻፈበትን በ6 ኪሎ።

እኔ ይህን ያወቅሁት ፍሬሜ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳደርገው እጄ አላመነም። ብሎኑ ገና የላላ ነው የሚመስለው። 5 ኪሎ እኮ አንድ ትልቅ ዶሮ ከነላባዋ የምትመዝነውን ቢበልጥ ነው! ግን ሳይክሉን ይዤ ጅሬን ዳገት ወጥቼ ወረድኩ፤ ኮርቻው አንዲት ሚሊ ሜትር አልወረደም። እጃችን የለመደው የባጃጅ ብሎን ነው። ካርቦን የሚፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

የሚጠበቁትን ቁጥሮች ልንገራችሁ። የመሪው አንገት ላይ ያሉት ብሎኖች ብዙ ጊዜ 5፣ የኮርቻ ዘንግ መቆንጠጫ 5፣ ባለ ስድስት ብሎኑ የፍሬን ዲስክ 6 ናቸው። የኋላው አክሰል 12 አካባቢ ይደርሳል፤ ፔዳል ደግሞ 35። የእናንተ ሳይክል ላይ የተጻፈው ከዚህ የተለየ ከሆነ የተጻፈውን ተከተሉ። ለፔዳል ሚዛን አያስፈልግም፤ በእጅ ጠንከር አድርጋችሁ እሰሩት። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ።

3. ኮርቻውና መሪው

ሳይክሉን ፍሬሙ ላይ ቆንጥጦ በሚይዝ ማቆሚያ አትያዙት። ከበረንዳው ወራጅ ላይ ገመድ አውርዳችሁ በኮርቻው አንጠልጥሉት። አልያም በኮርቻ ዘንጉ ብቻ ይያዝ።

የካርቦን ዘንግ ወደ ካርቦን ፍሬም ሲገባ ግራሶ አይቀባም። ግራሶ ያንሸራትታል፤ ሲንሸራተት ደግሞ ሰው ያጠብቃል፤ ሲያጠብቅ ይሰነጠቃል። የእኔም ታሪክ ያ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የካርቦን ፔስት ነው። በጣት ስታሹት ደቃቅ አሸዋ ያለበት ይመስላል። ያ አሸዋ ሁለቱን ነክሶ ስለሚይዝ በትንሽ ኃይል ይጠብቃል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ዘንጉ ላይ «ከዚህ አይለፍ» የሚለው መስመር ፍሬሙ ውስጥ መቀበር አለበት። ከዚያ በሚዛኑ 3፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 5። በአንዴ አትድረሱበት።

ፔዳሉ፣ አክሰሉና የብረት ጥርስ ያለው ሁሉ ግን ግራሶ ይወዳል። ይህን አታቀላቅሉ።

የመሪው አንገት ጋ ሲደረስ ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው። በመጀመሪያ ከላይ ያለችውን ክዳን ብሎን አጥብቁ። የእሷ ሥራ የአንገቱን ኩሽኔታ መግጠም ብቻ ነው። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉ። ጣታችሁን ፎርኩና ፍሬሙ በሚገናኙበት ላይ አኑሩ። ቅንጣት እንቅስቃሴ ከተሰማችሁ ክዳኗን ሩብ ዙር ጨምሩ። መሪው ሲዞር ከከበደ ሩብ ዙር ቀንሱ። ልክ ሲሆን ብቻ ነው የጎኖቹን ብሎኖች የምታጠብቁት። ጎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ክዳኗን መነካካት ትርጉም የለውም፤ ጉዳት ነው ያለው።

መሪውን የሚይዙት አራት ብሎኖች በመስቀል ይጠብቁ። ከላይ ግራ፣ ከታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ፣ ከታች ግራ። ክፍተቱ ላይና ታች እኩል ይሁን።

የኮርቻውን ከፍታ በዚህ ጀምሩ። በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። መጽሐፍ እስከ ብሽሽታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጀርባ ያለውን ለኩ። በ0.883 አባዙት። 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ያ ከፔዳሉ መዞሪያ መሀል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ ነው፤ ጉልበታችሁ ከፊት ካመማችሁ ትንሽ ከፍ፣ ዳሌያችሁ ከተወዛወዘ ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

4. ጎማው፣ ከጎሚስታ ጋር

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ምክንያቱም ጎማ ጅማ ላይ ከሁሉም በላይ ይወስናል።

የውድድር ጎማ ያለ ከመነዳሪ ነው የሚሠራው። በውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ነጭ ፈሳሽ አለ። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ወጥቶ ይረጋና ይደፍነዋል። ችግሩ ጎማውን ቸርኬው ላይ መጀመሪያ ማስያዝ ነው። በእጅ ፖምፓ አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ብዙ አየር በአንዴ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ጎሚስታ ሂዱ። ኮምፕሬሰሩ ሥራውን በሰኮንዶች ይጨርሰዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንዲት ነገር ያዙ። የእነዚህ ሳይክሎች ቫልቭ ቀጭኑ ዓይነት ነው። የጎሚስታው አፍ የተሠራው ለመኪናና ለባጃጅ ቫልቭ ነው። ቀጭኑን ወደ ወፍራም የምታደርግ የጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ አዳፕተር አለች። ኪሳችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ትኑር።

የጎማውን ጠርዝ በሳሙና ውኃ አርጥቡ። በአዳፕተሩ ይሞከር። አልያዝ ካለ የቫልቩን ልብ፣ ማለትም ውስጡ ያለችውን አየር የምትዘጋ ክፍል፣ ፈትታችሁ አየሩ በሰፊው እንዲገባ የመንፊያውን አፍ በቀጥታ ይደግኑበት። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ይህኛው ድምፅ መልካም ነው። ጎሚስታውን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «ወንድሜ፣ ይቺ የባጃጅ ጎማ አይደለችም፣ እኔ ቁም ስል ቁም።» ጎማውም ቸርኬውም ላይ ከፍተኛው ቁጥር ተጽፏል። ከሁለቱ ያነሰውን አትለፉ።

ከያዘ በኋላ አየሩን አስተንፍሱት። የቫልቩን ልብ አውጡና ፈሳሹን በሲሪንጅ ስጡት። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ግዙ። ለባለ 29 ጎማ አምስት ጊዜ፤ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ልቡን መልሱ፣ ንፉት፣ ከዚያ ጎማውን ይዛችሁ በሁለቱም ጎን እያጋደላችሁ አሽከርክሩት። ፈሳሹ ይደርቃልና በየሁለት በየሦስት ወሩ ቫልቩን ከፍታችሁ እዩት።

አሁን ወደ ልኩ። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2.25 ኢንች ስፋት ባለው ጎማ ፊት 19፣ ኋላ 21 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ላይ ይጀምር። «ለስላሳ ነው» ትላላችሁ። ልክ ነው፣ ለስላሳ ነው። ድርቅ ያለ ጎማ ሥርና ድንጋይ ላይ ይዘላል። ለስለስ ያለው ተጣብቆ ያልፋል። ከአስፋልት ስትወጡ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ከሰማችሁ 1 ጨምሩ፤ መታጠፊያ ላይ ከተንሸራተተ 1 ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከ1 በላይ አትለውጡ። አለበለዚያ የቱ እንደሠራ አታውቁም።

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጅማ ደግሞ 1,780። እዚያ ተነፍቶ የመጣ ጎማ እዚህ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚከብድ ወደ 1 ፒኤስአይ የሚጠጋ ያንስበታል። በመኪና ጎማ ላይ ምንም አይደለም። 20 ላይ ለሚነዳ ግን ይታወቃል። ስለዚህ የደረሳችሁበት ቦታ ለኩ።

5. ፎርኩና ፍሬኑ

ፎርኩ የራሱ ትንሽ ፖምፓ አለው። የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር ፈጽሞ አታስጠጉት፤ ውስጡ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ከልክ ያልፋል። እግሩ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ክብደታችሁን ፈልጉና ንፉት። ከዚያ የውድድር ልብሳችሁን ለብሳችሁ፣ ውኃችሁን ይዛችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ውጡበት። እግሩ ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት ዝቅ አድርጉ። ሳትዘሉ ተቀመጡ፣ ሳትዘሉ ውረዱ። ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ፎርክ ላይ ቀለበቷ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከወጣች ልክ ነው። ፎርኩ ከሰመጠ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት ከመሀል ጀምሩ።

አዲስ ፍሬን አይይዝም። መለማመድ አለበት። ረጅም ደልዳላ አስፋልት ፈልጉ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱና እስከ እርምጃ ፍጥነት ድረስ አብርዱት፤ ጎማው ሳይቆልፍ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ። 20 ጊዜ ያህል። ፊቱንም ኋላውንም ለየብቻ። ሐሙስ ግን ወደ ሄርማታ በኩል አትሞክሩት፤ በገበያ ቀን ሰውና ጋሪው አይለቅም። ማለዳ ባጃጁ ሳይበዛ ውጡ።

የፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። ሺማኖ የሚባለው ፍሬን ሠሪ ማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀመው። ስራም የሚባለው ሌላው ኩባንያ አብዛኞቹ ፍሬኖች ደግሞ ዶት የሚባለውን። አንዱን በሌላው ቦታ ብትሞሉት ውስጡ ያለውን ጎሚኒ ይበላዋል። የመኪና ፍሬን ዘይት ዶት ነውና «ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

6. ጭቃው

ጅማ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ዝናብ አያጣትም። ቀዩ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ነው። ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬሙና ጎማው መሀል ይገባል፣ ከዚያ ይቆልፋል።

አንድ ጊዜ ከዴዶ መንገድ ወደ እርሻ በሚገባ መተላለፊያ ላይ የኋላ ጎማዬ ቆመ። በኮዳዬ ያለውን ውኃ ላፈስበት ስል አንድ አባት ከማሳቸው ዳር እያዩኝ ኖሯል። ደረቅ የቡና ጭራሮ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ውኃ አትጨምርበት። ማረሻም ላይ ሲያዝ በእንጨት ነው የሚገፈፈው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥቂት ውኃ ያን አፈር ይበልጥ ያጣብቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍሬሜ ጋር አንዲት ጠፍጣፋ የቀርከሃ እንጨት አስሬ ነው የምወጣው። ብረት አልጠቀምም፤ ካርቦኑን ይጭረዋል።

ዋናው ምክር ይህ ነው። ጎማው መክበድ ሲጀምር ፔዳል እየረገጣችሁ አትግፉት። ጭቃው ውስጥ ያለው ጠጠር እንደ አሸዋ ወረቀት ነው። ከኋላ ጎማ ጎንና ጎን ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይሞርዳቸዋል፤ ቀለሙን ጨርሶ ክሩን ያገኛል። ውረዱ፣ ግፈፉት፣ ተሸከሙት። 10 ኪሎ ነው፤ ትከሻ ላይ ምንም አይደለም። በክረምት ደግሞ 2.4 ጎማ አታስገቡ። 2.25 ለጭቃው መውጫ ቦታ ይተዋል። በቱቦዎቹ ውስጠኛ ጎን ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፉ። ሰንሰለቱ በሚመታው በኩል ደግሞ አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጣችሁ ጠቅልሉበት።

ስትመለሱ ላቫጆ አትውሰዱት። የላቫጆው ውኃ ግፊት በኩሽኔታው ክዳን በኩል ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ከወር በኋላ ጎማው ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በመጀመሪያ በእንጨት ግፈፉት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ለሰንሰለቱ ሌላ ስፖንጅ፣ ለፍሬሙ ሌላ። ሰንሰለቱን በላምባ ማጠብ የፈለገ ፈትቶ በጣሳ ውስጥ ይጠበው። ላምባም ናፍጣም ዲስኩን ከነኩት ሸራው ይጠጣውና ፍሬኑ ያንሸራትታል፣ ይጮሃል። ዲስክ የሚጠረገው በንጹሕ የፋርማሲ አልኮል ነው። ሳኒታይዘር አይሁን፤ ግሊሰሪን ስላለው ቅባት ያስቀራል።

ሰንሰለቱ ሲደርቅ በየመዞሪያው አንዲት ጠብታ የሳይክል ዘይት አድርጉ። ጥቂት አሽከርክራችሁ ውጩን በጨርቅ ጥረጉት። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጡ ነው፤ ውጭ የቀረው ጭቃ ይሰበስባል። የሞተር ዘይትም ለዚህ አይሆንም። ጭቃ ሰንሰለትን ቶሎ ያረዝማል። የሰንሰለት መርዘምን የሚያሳየው መለኪያ ባለ 12 ማርሽ ሰንሰለት ላይ 0.5 በመቶ ካሳየ ለውጡት። ካዘገያችሁ የኋላውን ጥርስ በሙሉ ይበላል፤ እሱ ከሰንሰለቱ ብዙ እጥፍ ውድ ነው።

7. ስንጥቅ ፍለጋ

ከታጠበ በኋላ፣ በተለይ ከወደቃችሁ በኋላ፣ ብርሃን ላይ አውጡት። ከኮርቻው መቆንጠጫ ሥር፣ ከመሪው አንገት ሥር፣ የፔዳሉ መዞሪያ ዙሪያ፣ ከኋላ ጎማ ጎንና ጎን ያሉትን ቱቦዎች እዩ። ቀጭን የናይለን ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ አሻሹት። ክር ከሳበ እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። ከዚያ በአንድ ብር ሳንቲም ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ። ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተጎዳው ዱብ ዱብ ይላል። አንዱን ጎን ከሌላው ጎን ተመሳሳይ ቦታ ጋር አወዳድሩ፤ ቱቦው በሚወፍርበት ቦታ ድምፁ በተፈጥሮው ይለያልና።

ስንጥቅ ካገኛችሁ ብየዳ የለም፤ ሱፐር ግሉም አይሠራም። የፍሬም ቱቦ ካርቦን በሚጠግን ባለሙያ ሊታደስ ይችላል። መሪ፣ የኮርቻ ዘንግ ወይም ፎርክ ከሆነ ግን አይጠገንም። ይጣላል። ቁልቁለት ላይ መሪ ከተሰበረ ጥርስ ነው የሚሄደው።

8. ከውድድሩ በፊት ባለው ማታ

በክሮስ ካንትሪ ዕርዳታ የሚሰጠው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ የተበላሸውን በያዛችሁት ነገር ራሳችሁ ትጠግናላችሁ፤ ወይ እየገፋችሁ ትሮጣላችሁ። ስለዚህ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ትናንሽ ቁልፎች፣ የጎማ ቀዳዳ መወተፊያ ላስቲክ፣ ፖምፓና አንድ ከመነዳሪ ያዙ። ባለ 29 ካጣችሁ ባለ 26ቱ ከመነዳሪ ተለጥጦ ቤት ያደርሳችኋል።

ብሎኖቹን በሚዛኑ ለመጨረሻ ጊዜ ለኩ። ከዚያ ከእህታችሁ የጥፍር ቀለም ተዋሱ። ከብሎኑ ጭንቅላት አንስታችሁ እስከ ተቀመጠበት ዕቃ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር አስምሩ። በኮርቻው ዘንግና በመቆንጠጫው መገናኛም ላይ አንዲት። ሌሊቱን ይደርቃል።

ጠዋት ቁልፍ አታንሱ። ሰው ከመጀመሪያው መስመር ኋላ ቆሞ ሲጨንቀው እጁ ብሎን ይፈልጋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የጎማውን ልክ እዩ፣ ፍሬኑን ጨበጥ አድርጉ፣ ከዚያ ቀለሟን እዩ። መስመሯ ቀጥ እንዳለች ከሆነች ብሎኑ በልኩ ነው፤ አትንኩት።